«ተመስገን» የሚባለው ለማን ነው?

ጠዋት ታክሲ ተራ ላይ ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ። «እንዴት አደርክ?» ይላል አንዱ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል ሌላው። ስለ ጤናው የተናገረው ነገር የለም። ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ስለ ነሣው ሐሳብ ትንፍሽ አላለም። ያም ሆኖ ጠያቂው መልስ አላገኘሁም ብሎ ቅር አይለውም። ሁለቱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

በዚህ አጭር ልውውጥ ላይ ሁለት ዓይነት ክስ ሲቀርብ ኖሯል። አንዱ ከጸሎተኞች ወገን የሚመጣ ነው፦ ቃሉ ከልብ አይወጣም፣ የአፍ ልማድ ሆኖ ቀርቷል የሚል ነው። ሌላው ከፖለቲከኞች ወገን ነው። ይህ ሕዝብ በተራበም፣ በተበደለም፣ በተገረፈም ጊዜ «ተመስገን» እያለ በመኖሩ ነው ገዢዎቹ የተጫወቱበት ይላል። ሁለተኛው ክስ ከበድ ያለ ነው፤ በቀላሉም የሚጣል አይደለም። ለመመዘን ግን ቃሉ በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ማን አፍ ላይ፣ መቼና ለማን ሲባል እንደ ኖረ ማየት ያስፈልጋል።

ከሰዋስው እንጀምር። «ተመስገን» ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ሁለተኛ መደብ። «አንተ ተመስገን» ማለት ነው። ስለዚህ «እንዴት ነህ?» ተብሎ የተጠየቀው ሰው «ተመስገን» ሲል ለጠያቂው እየመለሰ አይደለም። ለአፍታ ፊቱን ከጠያቂው መልሶ ከሌላ ጋር ይነጋገራል። ይህን ልብ ያላለ ሰው ቃሉን «ደህና ነኝ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ስለ ተናጋሪው ሁኔታ ቃሉ ምንም አይገልጽም። ሊገልጽ ቢፈልግ ኖሮ «ደህና ነኝ» የሚል የራሱ ቃል ቋንቋው አላጣም።

ግዕዝ በዚህ ረገድ ከአማርኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ስለ ተደረገ በጎ ነገር የሚቀርበው አኰቴት ይባላል፤ የቅዳሴው ልብ የሆነው ጸሎትም «አኰቴተ ቁርባን» የተባለው ከዚሁ ነው። አምላክ አምላክ በመሆኑ ብቻ፣ የተቀበሉት ስጦታ ሳይቆጠር፣ የሚቀርበው ስብሐት ነው። አማርኛ ሁለቱንም «ምስጋና» በሚለው አንድ ከረጢት ከተታቸው። ገበሬው እህሉ ስለ ገባ ሲያመሰግንና ሐዘንተኛው ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ሲያመሰግን ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። ፊተኛው አኰቴት ነው። ኋለኛውን «ልጅህ በመሞቱ አመሰገንክ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ ቃሉ አልገባውም።

የግዕዝን ሦስተኛ ቃል ደግሞ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃታል፦ ውዳሴ። ለእመቤታችን ሲሆን «ውዳሴ ማርያም» ይባላል፤ ሰኞ የሚደገመው ተለይቶ፣ ማክሰኞ የሚደገመው ተለይቶ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። ለባለሥልጣን ሲሆን ግን ቋንቋው ራሱ ፈርዶበታል፦ «ውዳሴ ከንቱ»።

*

በአማርኛ ከተጻፉት ነገሮች ሁሉ ቀድመው የምናገኛቸው ጽሑፎች ምስጋናዎች ናቸው፤ የእግዚአብሔር ግን አይደሉም። ለአፄ ዓምደ ጽዮን፣ ለአፄ ይስሐቅ፣ ለአፄ ዘርዓ ያዕቆብና ለአፄ ገላውዴዎስ የተዘመሩ የነገሥታት ውዳሴዎች ናቸው። ዓምደ ጽዮን የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 ነው፤ ገላውዴዎስ ደግሞ በ1559 ሞተ። ጣሊያናዊው ሊቅ ኢግናዚዮ ጉይዲ እነዚህን መዝሙሮች በ1889 አሳትሞ ለዓለም አስተዋውቋል። ንጉሡ ያሸነፋቸው አገሮች ስም ይዘረዘራል፤ የገበሩለት ይቆጠራሉ፤ ክንዱ፣ ጦሩ፣ ቁጣው ይወደሳል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ለፈጣሪ የሚቀርበው ምስጋና በግዕዝ ነበር። ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ በብራና ላይ ለመስፈር የበቃው ምስጋና የገዢው ነበር። ቤተ መንግሥቱ ቀድሞ ገብቶ የአደባባዩን ቋንቋ ለራሱ ውዳሴ አዋለው። አዝማሪ፣ አልቃሽ፣ ፎካሪ፣ ሁሉም ለጌታው አፉን ከፈተ። የዛሬው ባነርና የዛሬው የቴሌቪዥን ዝግጅት ትናንት የተወለደ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ቢያንስ ሰባት መቶ ዓመት አለው።

እንግዲህ ጥያቄው ተራው ሰው፣ ግብር ከፋዩና አራሹ፣ ቤቱ ሲገባ የገዢውን ውዳሴ ተሸክሞ ይገባ ነበር ወይ የሚል ነው። ቤቱ ያለው ሌላ መጽሐፍ ነበር።

*

ዳዊት። መጽሐፉን ማንም ሰው በደራሲው ስም እንጂ በሙሉ ስሙ አይጠራውም። በቆሎ ተማሪው አኮፋዳ ውስጥ፣ በባላገሩ ቤት ግድግዳ ላይ በማኅደሩ ተንጠልጥሎ፣ በመነኩሴው ትከሻ ላይ የሚገኝ እርሱ ነው። በኢትዮጵያ የእጅ ጽሑፎች ውስጥ ዳዊት ብቻውን አይመጣም፤ ከመቶ ሃምሳ አንዱ መዝሙር ቀጥሎ የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን አብረው ይጠረዛሉ። ልጅ ፊደል ለይቶ ንባብ ከተማረ በኋላ የሚገባው ወደ ዳዊት ነው። «ዳዊት ደግሟል» ማለት አንብቧል፣ ተምሯል ማለት ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በዚህ አገር የንባብ መለኪያው የምስጋና መጽሐፍ ነው ማለት ነው።

አሁን የፖለቲከኛውን ክስ መመርመር የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሕዝብ በምስጋና መጽሐፍ ተኮትኩቶ ካደገ፣ ምስጋናው ደግሞ ዝም ማሰኛ ከሆነ፣ መጽሐፉ ዝምታን ያስተምራል ማለት ነው። ያስተምራል?

የዕብራይስጡ ርእስ ተህሊም ነው፤ «ምስጋናዎች» ማለት ነው። መጽሐፉን የከፈተ ሰው ግን በብዛት የሚያገኘው ልቅሶና ክርክር ነው። ሊቃውንት መዝሙራቱን በዓይነት ሲከፍሏቸው ትልቁ ክምር የሙሾና የአቤቱታ ሆኖ ተገኝቷል። እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎ አምላክን የሚሟገት አለ። ክፉዎች ለምን ይደላቸዋል፣ የደሃ አደጉን መብት ማን ይከላከላል እያለ የሚጮህ አለ። በዕብራይስጡ ቁጥር 88ኛው መዝሙር እንዲያውም ከሌሎቹ ልማድ ወጥቶ በመጨረሻው መስመር እንኳ አይጽናናም፤ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። ይህንን ሁሉ ሰብስቦ «ምስጋናዎች» ብሎ የሰየመ ሰው ርእስ ተሳስቶበት አይደለም። አቤት የሚለው ሰው የሚሰማ ዳኛ አለ ብሎ ያመነ ሰው ነው፤ ዳኛው አለ ብሎ መጮህም እርሱን ማክበር ነው።

«አቤት» የሚለውን ቃል በዋዛ ማለፍ አይገባም። አማርኛው ዳዊት እግዚአብሔርን የሚጠራው «አቤቱ» እያለ ነው። በአደባባይ፣ በንጉሥ ደጅ፣ በገዢ በር፣ የተበደለ ሰው የሚጮኸውም «አቤት! አቤት!» ብሎ ነው። ለፍርድ ቤት የሚጻፈው ማመልከቻም እስካሁን «አቤቱታ» ይባላል። ጸሎትና ክስ በአንድ ቃል ይጀምራሉ። በዚህ ቋንቋ ጠዋት ዳዊቱን ደግሞ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሲቆም አዲስ ቃል መማር አያስፈልገውም።

ዳዊትን በተመለከተ አንድ ወደ ጎን የሚወስድ ታሪክ አለ፤ ሳይነገር ቢቀር ግን ያሳዝናል። በዓለም ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው በሮም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513። አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ከኮሎኝ የመጣ ጀርመናዊ ካህን ነበር። ወደዚህ ሥራ ያስገባው ጉባኤ ወይም የንጉሥ ደብዳቤ አልነበረም። ሮም ውስጥ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች በራሳቸው ቋንቋ ሲዘምሩ ሰማ። ቋንቋውን አያውቀውም፤ ግን ከሚሰማው ድምፅ መሐል የሚያውቃቸውን የቅዱሳን ስሞች ለየ። ጠየቀ፣ ተጠጋ፣ ከመነኮሳቱ ፊደል ተማረ፣ ዳዊቱንም አሳተመ። ቋንቋውን «ከለዳዊ» ነው ብሎ መጻፉ የታወቀ ስሕተቱ ነው። የእነዚያ ተሳላሚዎች ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ማሰብ አይከብድም፤ በእግራቸው በረሃ አቋርጠው፣ በኢየሩሳሌም አድርገው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ቋንቋቸውን ማንም በማያውቅበት ከተማ በሰው ደጅ የሚኖሩ ነበሩ። ለማንም ሊታዩ ብለው አልዘመሩም። ሰዓቱ ደረሰ፣ ዘመሩ። የግዕዝ ሕትመት ታሪክ የተጀመረው ከዚያች የዕለት ምስጋና ነው።

*

ቅዱስ ያሬድን ሳያነሡ ስለ ምስጋና መናገር አይቻልም፤ ስለ እርሱ ግን የሚነገረው የታወቀ ስለሆነ እንደገና መዘርዘር አያስፈልግም። ስድስተኛው መቶ ዓመት፣ አክሱም፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ አምስቱ የዜማ መጻሕፍት። ትል ዛፍ ለመውጣት ሰባት ጊዜ ወድቃ ስትነሣ አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ የሚለውን ትውፊት ሕፃናትም ያውቁታል። ከትውፊቱ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላኛው ነው። ያሬድ በንጉሡ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተደገፈበት ጦር የያሬድን እግር ወጋ፤ ሁለቱም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ሲለው ያሬድ ሀብትና ሹመት አልጠየቀም፤ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ልሂድ ብሎ ለመነ፤ ሄደም።

ታሪኩን የጠበቀችው ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ከቤተ መንግሥት ጋር አንድ ገበታ ላይ የበላች ናት። ያም ሆኖ ስለ ምስጋናዋ አባት የምትተርከው ዋና ታሪክ የንጉሥ ጦር ዘማሪውን እንዳቆሰለውና ዘማሪው ከንጉሥ ርቆ መሄድን እንደ ሽልማት እንደ ቆጠረው ነው። የተራኪዎቹ ሐሳብ ምን እንደ ነበር መገመት ለአንባቢ የሚተው ነው።

የዜማው ምልክቶች የተዘጋጁበትን ጊዜ ማየትም ይጠቅማል። ትውፊቱ አዛዥ ጌራንና አዛዥ ራጉኤልን ይጠቅሳል፤ ዘመኑም የአፄ ገላውዴዎስ ነው፤ ማለትም ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በኋላ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት አልቀዋል፣ ዜማውን በቃላቸው የያዙ መምህራን ሞተዋል። ከዚያ በፊት ምስጋና ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ነበር፤ ተሸካሚው ሲሞት የሚጠፋ ነገር እንደሆነ አገሩ በዐይኑ አየ። በድጓው መስመሮች ላይ የተጣሉት እነዚያ ጥቃቅን ምልክቶች ታዲያ ከድል ማግሥት የተወለዱ አይደሉም። ከአመድ ላይ የተለቀሙ ናቸው። ጋይንት ያለው ቤተልሔም ድጓውን የሚያስመሰክሩበት ደብር ሆኖ እስካሁን ዘልቋል። አንድ ተማሪ ድጓውን ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል፤ እነዚያን ዓመታት የሚኖረው ደግሞ ከደጅ ደጅ እየለመነ ነው። ስለዚህ ይህች ቤተ ክርስቲያን ምስጋናን የምታስተምረው ለጠገበ ሰው አይደለም። ተማሪው ውሻ እያባረረው የለመነውን ቁራሽ በልቶ፣ ማታ በጭራሮ ብርሃን ዜማውን ይቀጽላል።

*

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1935 በሚላኖ ታላቅ ካቴድራል ውስጥ ሊቀ ጳጳሱ ካርዲናል ሹስተር ሰብከዋል። ፋሺስቶች ሮምን የያዙበት ቀን መታሰቢያ ነበር፤ የጣሊያን ጦርም ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ገና አንድ ወር አልሞላውም። ካርዲናሉ ዘመቻውን የወንጌል በር መክፈቻ፣ የክርስቶስን መስቀል የሚያደርስ አድርገው አቀረቡት። (ሹስተር ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፋሺስቶቹን የዘር ፖሊሲ ተቃውመዋል፤ ይህም መነገር አለበት።) መስቀሉ ይደርስላታል የተባለችው አገር ከጣሊያን አብዛኛው አውራጃ ጋር በዕድሜ የምትፎካከር ክርስቲያን አገር ነበረች።

በዚሁ ጦርነት ውስጥ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙና ለአዲሱ ገዢ እንዲገዙ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። በዓመቱ፣ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ካለፈ ከሦስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ዋለ። ሰው እንደ ልማዱ ለማኅሌትና ለቅዳሴ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወጣ። የጄኔራል ማሌቲ ወታደሮች ገዳሙን ከበው ነበር። በማግሥቱ መነኮሳቱንና ተሳላሚዎቹን በመኪና ጭነው ላጋ ወልዴ ወደሚባል ስፍራ ወሰዷቸውና ረሸኗቸው። ዲያቆናቱና ተማሪዎቹም በቀናት ውስጥ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተገደሉ። የጣሊያኖቹ ሪፖርት በመቶዎች ይቆጥራል፤ በኋላ የመረመሩት ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ ሁለት ሺህ ያደርሱታል።

እነዚህ ሰዎች የተያዙት ሲያመሰግኑ ነው። ግራዚያኒ ለምን ይህን ቦታ መረጠ ቢባል የምስጋናውን ጉልበት ከብዙ ምሁራን ይልቅ ስለ ገባው ነው ማለት ይቻላል። ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ገዢው ያላዘዘው፣ ገዢው የማይጠራበት ጉባኤ ነበር።

*

ሁለት ረሃቦች፣ ሁለት ግብዣዎች። ሐምሌ 1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ሰማንያኛ ዓመት የልደት በዓል በክብር ተከበረ። ወዲያው በሚቀጥሉት ዓመታት ወሎ ረገፈ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም፣ የቤተ መንግሥቱ ግብዣ ምስል ገብቶበት፣ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ያወረዷቸው ወታደሮች የራሳቸውን ዐሥረኛ ዓመት በመስከረም 1977 ዓ.ም. በሰልፍ፣ በመብራትና በሐውልት ሲያከብሩ ወሎና ትግራይ እንደገና እየረገፉ ነበር። የኮረም ምስል በቢቢሲ ለዓለም የታየው ከበዓሉ ከሳምንታት በኋላ ነው። ሥርዓቱ ተለወጠ፣ ርዕዮቱ ተገለበጠ፤ ለገዢው የሚዘመረው ግን ዜማውን እንኳ ብዙ አልቀየረም።

የረገፈው ሕዝብስ ምን ይል ነበር? ክሱ እንደሚለው «ተመስገን» ብቻ? በድርቅና በቸነፈር ጊዜ የዚህ አገር ክርስቲያን ልማዱ ምሕላ ነው። ታቦት ይወጣል፣ ሰው ነጠላውን አደግድጎ፣ ሕፃናትም ሳይቀሩ፣ «እግዚኦ» እያሉ ደጋግመው ይጮኻሉ። ከብት ከጥጃው ተለይቶ ሲጮኽ የሚሰማበት አካባቢም አለ፤ የእንስሳቱ ጩኸት ከሰው ጩኸት ጋር እንዲቆጠር። ይህ ሁሉ የምስጋናው ሕይወት ክፍል ነው። ምሕላውን ትቶ «ተመስገን»ን ብቻ ሰምቶ ሕዝቡን ደንዛዛ ነው ያለ ሰው ግማሹን ነው የሰማው። ነገር ግን ክሱ ባዶ አይደለም፤ ምሕላው ወደ ሰማይ በወጣበት ሰዓት ወደ ገዢው ደጅ የሄደው አቤቱታ ትንሽ ነበር፤ የካህናቱ አለቆችም ብዙ ጊዜ ከግብዣው ማዕድ አልታጡም። ይህን መካድ ታሪክን መሸፋፈን ነው።

ከማዕዱ የተነሡም ነበሩ። በ1964 ዓ.ም.፣ ያ ልደት በተከበረበት ዓመት፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለውጭ ረዳቶቿ አንድ ደብዳቤ ጻፈች፤ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ደብዳቤው የሰውን ነፍስ ከሆዱ፣ ስብከትን ከልማት መነጠልን ይቃወማል፤ ሰውን ሙሉ አድርጎ ማየትን ይጠይቃል። ቄስ ጉዲና በደርግ ዘመን ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው እምቢ ብለው ቀሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ታፍነው ተገደሉ። በዚያው ክረምት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በሕይወት ሳሉ አንድ መቅደስ ውስጥ ላይቆሙ ይችሉ ነበር፤ ገዳያቸው ግን አልለያያቸውም።

በዚያ ዘመን ምእመናን የተፈተኑበት ነገር ጥቃቅን ይመስል ነበር። በቀበሌ ስብሰባ ግራ እጅን ማንሣት፤ አብዮቱን ከሁሉ በላይ የሚያደርገውን መፈክር ማሰማት። ብዙ ሰው እጁን አንሥቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ልቡን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ፤ ሊፈረድበት አይገባም። አንዳንዶች ግን፣ በተለይ በንጉሡም ዘመን ፈቃድ ተከልክለው ሲታሰሩ ከኖሩት ከጴንጤዎቹ ወገን፣ «ከሁሉ በላይ» የሚለው ቃል ባለቤት አለው ብለው አፋቸውን ዘጉ። ለዚህ ነበር እስር ቤት የሞላው። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ዓመታትን በእስር አሳልፏል። አዳራሾቹ ሲታሸጉ መዝሙሩ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ፤ መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፅ ተቀንሶ፣ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ። በገናውም ቢሆን በዚያ ዘመን ከአደባባይ ራቀ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተጀመረው የበገና ትምህርትም ተቋረጠ። ዐሥር አውታር ያለው፣ ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት የሚያንጎራጉር መሣሪያ ለሰልፍ አይሆንም።

*

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ታክሲ ተራው ስንመለስ አንድ ልዩነት ይታያል፤ እሱም በአንዲት ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። «ተመስገን» አንድ ነገር ነው፤ «ተመስገን በል» ሌላ ነገር ነው። ፊተኛውን የሚናገረው ባለ ጉዳዩ ራሱ ነው። ኋለኛውን የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ከእርሱ በላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ደመወዝ አልበቃኝም ያለውን ሠራተኛ «ሥራ አለህ፣ ተመስገን በል» የሚለው አሠሪ ነው። ኪራይ በዛብኝ ያለውን «መጠለያ አለህ፣ ተመስገን በል» የሚለው አከራይ ነው። ቤቷ የፈረሰባትን እናት «ሕይወትሽ ተርፏል፣ ተመስገን በይ» የሚል ባለሥልጣንም አይጠፋም። ሰዋስውን ካስታወስን፣ ይህ ሰው ለሁለት ሰዎች ብቻ የተዘጋ ንግግር ውስጥ ገብቶ በሌላው አፍ ይናገራል። ምስጋናው ወደ ሰማይ የተላከ ይመስላል፤ ተቀባዩ ግን ላኪው ራሱ ነው። ውዳሴ ከንቱ የሚባለው ይኸው አይደለም ወይ?

የቅዳሴው የመግቢያ ጸሎት፣ ጸሎተ አኰቴት የሚባለው፣ ምክንያቱን ሲቆጥር ሸፈነን፣ ረዳን፣ ጠበቀን እያለ ሄዶ ለዚህ ሰዓት ማድረሱ ላይ ይደርሳል። ኑሮ ሞላ፣ ጠላት ጠፋ አይልም። እስከዚህች ሰዓት ደርሻለሁ፤ ሌላው ገና ነው። ይህ የተራፊ ሰው ንግግር ነው፤ ተራፊ ደግሞ ከምን እንደ ተረፈ ያውቃል።

የሐበሻ ሰላምታ ረጅም ነው ተብሎ ይቀለዳል። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ጤናህ? ልጆች? ሥራ?» እያለ ይቀጥላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ «ተመስገን» ይባላል፤ ለሁለተኛውም። ጠያቂው ግን አያቆምም፤ የፊተኛዋ መልስ ለእርሱ እንዳልሆነች ያውቃልና። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለእናቷ ስትደውል መጀመሪያ የምትለው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። እናትየዋም ተመስገን ትላለች። ከዚያ የጎረቤቱን ሰላምታ ታደርሳለች፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች፣ ማን እንደ ወለደ ትነግራታለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደገና ትጠይቃለች፤ «በይ አሁን ንገሪኝ፣ እንዴት ነሽ?»